በሞቴ፣ አትቅዱ

በአንድ ወቅት፣ የካሴት ክር ሲላላ በእስክሪብቶ ይጠቀለል በነበረበት ወቅት፣ ሐዲድ የሚባል የሮክ ባንድ ነበር። አራት ሰዎች ናቸው። ከበሮ መቺውንና ባስ ጊታር ተጫዋቹን ይህ ታሪክ ብዙ አይፈልጋቸውም፤ አጅበው ያልፋሉ። ሦስተኛው ኖላዊ ነው፤ ጊታር ይጫወታል፣ ንግግር አያበዛም። አራተኛው ዘፋኙ ምንተስኖት ነው፤ ድሬዳዋ ተወልዶ አዲስ አበባ የኖረ፣ የሚያውቀው ሁሉ ምንቴ የሚለው።

ሐዲድ ለዓመታት ተጫውቶ አንድም ካሴት አላወጣም። ሙዚቃ ቤቶች መጡ፤ ምንቴ መለሳቸው። «ዘፈን እንደ ጥሬ ሥጋ ነው፤ በታረደበት ዕለት ነው የሚበላው» ይላቸው ነበር። ይስቁና ይሄዳሉ።

ይህ ለሰው የሚነገረው ምክንያት ነው። ሌላውን የሚያውቀው ኖላዊ ብቻ ነበር።

*

የምንቴ አባት ማንዶሊን ይጫወቱ ነበር። አንድ ጊዜ ለሬዲዮ ዘፍነው ድምፃቸው ተቀዳ። ከሞቱ በኋላ አንድ ቀን እናቱ ገበያ ውስጥ ሽንኩርት ሲመርጡ ከአንድ ሱቅ ሬዲዮ የባላቸው ድምፅ ወጣ። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። እንደ ቀብሩ ዕለት ደረታቸውን መቱ። ሰው ከበባቸው።

ዘንቢላቸውን ተሸክሞ ወደ ቤት የመለሳቸው ምንቴ ነበር። ካደገ በኋላ ለኖላዊ እንዲህ አለው፦

«ሰው ሁለቴ አይቀበርም፣ ኖላዬ። እኛ አባታችንን ሁለቴ ቀበርነው።»

*

የኪቦርድ ዘመን መጣ። አንድ ሰው ብቻውን ተቀምጦ የአራት ሰው ሥራ ይሠራ ጀመር። ሐዲድን የሚጠራ ቤት እያነሰ ሄደ። የምንቴ ጉሮሮም መሻከር ጀምሮ ነበር። በዚያው ሰሞን ሚስቱ ዓይናለም አረገዘች።

«ተሰናብቼ ልምጣ» አላት። «ከዚያ ቤት ነኝ።»

«ስንቱን ከተማ ልትሰናበት ነው?»

«ያጨበጨበልኝን ሁሉ።»

«እሱማ ብዙ አይደለም» አለች። ሳቁ።

ሐዋሳ፣ ጅማ፣ ደሴ፣ ናዝሬት ተጫወቱ። የመጨረሻው ድሬዳዋ ነበር።

*

ዝግጅቱ ከዚራ ሰፈር፣ አንድ የክበብ ግቢ ውስጥ ነው። እሑድ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል ተጀመረ። ሰው በየዛፉ ሥር ጠረጴዛ ከቦ ተቀምጧል። መድረኩ በአንድ ወገን፣ የመጠጥ መደርደሪያው ከመድረኩ ፊት ለፊት በሌላው ወገን።

ከመደርደሪያው ጎን የቆመው ረምዚ ነው። ረምዚ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ይሸጣል። ሐዲድን ለመስማት ብቻ አዲስ አበባ ድረስ በባቡር የሚሄድ፣ በዚህም ጓደኞቹ የሚያሾፉበት ሰው ነው። ያን ዕለት አንድ ቴፕ ይዞ መጣ። መደርደሪያው ላይ አስቀመጠና ሽርጥ ጣል አደረገበት።

አስተናጋጇ ትርንጎ ገፋ አደረገችው። «አንተ፣ ይሄ ሣጥን አይጠጣ፣ አይከፍል። ቦታ አታስይዝብኝ።»

«አቦ ትርንጎ፣ እሱም እንደኔ ሊሰማ ነው የመጣው።»

«አንተ ሰምተህ ትረሳለህ። እሱ አይረሳም።»

«ታዲያ ለዚያ አይደል ያመጣሁት?»

ትርንጎ ትከሻዋን ሰበቀችና ጠርሙስ መክፈቷን ቀጠለች።

ባንዱ ጮክ ያሉትን ዘፈኖች አስቀደመ። ግቢው ተነሥቶ ጨፈረ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ምንቴ ላቡን ጠረገና ኖላዊን በዓይኑ ጠቀሰው። አዲስ ዘፈን ነበር፣ ቀስ ያለ፤ ከመድረክ ተሰምቶ አያውቅም። የመጀመሪያውን ስንኝ ጀመረ። ከወደ መደርደሪያው ጠርሙስና ብርጭቆ ተጋጨ። ሳቅ ተሰማ።

ምንቴ አቆመ። እጁን ግንባሩ ላይ ጋርዶ ወደ መደርደሪያው አየ። በማይክሮፎኑም እንዲህ አለ፦

«በሞቴ፣ አትቅዱ።»

ሌላ ቃል አልጨመረም። ጠበቀ።

*

እንግዲህ ነገሩ ያለው እዚህች ቃል ላይ ነው። ቢራም ይቀዳል፤ ድምፅም ይቀዳል። ቋንቋችን ለሁለቱ አንድ ቃል ሰጥቶ ሄዷል።

ትርንጎ ጠርሙሱን አስቀመጠች። ሌሎቹ አስተናጋጆችም ባሉበት ቆሙ። የረምዚ ጣት በሽርጡ ሥር ወደ ቴፑ ሄደ፤ ማጥፊያውን ነካ። በዚያች ቅጽበት ትርንጎ ጠርሙሷን መደርደሪያው ላይ ስታስቀምጥ አየ። ጣቱን መለሰ። ክሩ መዞሩን ቀጠለ።

ኖላዊ መድረኩ ላይ አንገቱን አቀርቅሮ ነበር። ያየው ነገር የለም። የሰማው ቃሉን ብቻ ነው።

ምንቴ ዘፈኑን እንደገና ጀመረ። መሀል ላይ ሲደርስ ድምፁ ተሰነጠቀ። አላቆመም። በተሰነጠቀ ድምፅ እስከ መጨረሻው ዘፈነው።

*

በማግስቱ ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ ሚኒባሳቸው ከአዋሽ በላይ ተገለበጠች። ሦስቱ ቆስለው ወጡ። ምንቴ አልወጣም።

«በሞቴ» በየቤቱ፣ በየቀኑ ይባላል። እንግዳ ለማስቀመጥ ይባላል፤ ጠግቤያለሁ ያለን ሰው ለማስጎረስ ይባላል። ተባለ ብሎ ማንም አይሞትም። ምንቴ ግን ብሎ ሞተ።

*

ረምዚ ሞቱን የሰማው ሱቁ ውስጥ ጨርቅ ሲለካ ነው። ሜትሩን አስቀመጠ።

ካሴት የመኖሩ ወሬ ከተማውን ለመዞር ጊዜ አልፈጀበትም። አንድ ነጋዴ ከአዲስ አበባ ወረደ። «የሞተ ሰው የመጨረሻ ድምፅ፣ ሌላ የለውም። ዋጋውን አንተ ጥራው» አለው። ረምዚ «ከሞተ ወዲህማ ዋጋው ለኔም አልታወቀኝም» ብሎ ሸኘው። ጓደኞቹ ቅጂ ለመኑት፤ ከለከላቸው። ማንም ሌላ ነገር እንዳይቀዳበት ከካሴቱ ጀርባ ያሉትን ሁለት ትንንሽ ፕላስቲኮች ሰበረ። ከዚያ ባቡር ተሳፍሮ፣ አዲስ አበባ የለቅሶውን ቤት ጠይቆ ደረሰ።

ዓይናለም ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። ሆዷ ገፍቷል። ካሴቱን በሁለት እጁ ሰጣት።

«የባልሽ ድምፅ ነው፣ እኅቴ። የድሬው። ሌላ ቅጂ የለም፤ ወላሂ።»

«እሱ አስቀድቶህ ነው?»

«አይደለም።»

«ሰርቀህ ነው?»

ረምዚ ወለሉን አየ። ስለ ቃሉ ነገራት፤ ስለ ጠርሙሱም፤ ስለ ጣቱም። ከዚያ «ሰርቄ እንደሆነ አላውቅም» አለ። «ሳላውቅ ቤቴ ማሳደር አልቻልኩም።»

ዓይናለም ካሴቱን ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችው።

*

ኖላዊ እጁ ከጄሶ ሲፈታ መጣ።

«አንድ ቀን ስጪኝ፣ ልስማው» አላት። ሰጠችው።

ቤቱ ሄዶ በር ዘግቶ ሰማ። ጮክ ያሉትን ዘፈኖች ሰማ፤ የራሱን ጊታር ሰማ። ቃሉ ጋ ሲደርስ አቆመ። ወደ ኋላ መለሰው፤ ደገመው። የብርጭቆውንም ድምፅ ሰማ። እሱ ግን የሚያውቀው ሌላ ነበር፤ ምንቴ ለዓመታት ሙዚቃ ቤቶችን ሲመልስ አጠገቡ ቆሟል፤ የገበያውን ታሪክ ከአፉ ሰምቷል። ምላጭ አመጣ። ክሩን በእስክሪብቶ ስቦ አወጣና ልክ ከቃሉ በኋላ ቆረጠው። ከዚያ ወዲያ ያለውን፣ ያን አንድ ዘፈን የያዘውን ክር፣ በክብሪት ቀፎ ላይ ጠቀለለው።

የቀረውን ለዓይናለም መለሰ።

«ከቃሉ በፊት ያለው ያንቺ ነው። ማንም አልከለከለሽም። ከቃሉ በኋላ ያለው የሱ ነው።»

«የሱ ከሆነ እሱ የት አለ?»

«ለሙት ዓመቱ ሐውልት ሲቆምለት ክሩ አብሮ ከሥሩ ይገባል።»

ዓይናለም ካሴቱን ተቀበለች። «ኖላዬ፣ ያ ዘፈን ለማን እንደሆነ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ። ለልጁ ነው።» ድምፁ ዝቅ አለ። «ዜማውን አብረን ነው የሠራነው። ስትወልጂ፣ ልጁ ከፍ ሲል፣ ቁጭ አድርጌ እዘፍንለታለሁ። አንድ ቃል አልጥልም።»

«ዘፈኑን እኔም አውቀዋለሁ። ማታ ማታ ሆዴ ላይ ሲያዜመው ነው የሰማሁት። የጠፋብኝ ዘፈን አይደለም።»

ኖላዊ ክሩን አልሰጣትም።

*

ዓይናለም ሴት ልጅ ወለደች። ሶስና አለቻት። ክርስትና ካስነሣቻት በኋላ በአንቀልባ አዝላ ኖላዊ ቤት ሄደች። ደስ አለው። ሻይ ላፍላ አለ።

«ሻዩ ይቆይ። እስቲ ያዛት፣ ጀርባዬ ዝሏል።»

ኖላዊ ሕፃን ይዞ አያውቅም። ሁለት ክንዱን እንደ ትሪ ዘረጋ። አስተኛችለት። ልጅቷ አንዴ አዛጋችና ክርኑ ላይ ተኛች። ጀርባውን አቀና፤ መተንፈስ ፈራ።

ዓይናለም ተነሣች። የክብሪቱን ቀፎ የመጽሐፍ መደርደሪያው ላይ፣ በመሐረብ በግማሽ ተጠቅልሎ አየችው። አወረደችው።

«ዓይናለም» አለ ኖላዊ፣ በሹክሹክታ። «አታድርጊው።»

«ጭንቅላቷን ደግፍ።»

ደገፈ። እሷ መሐረቡን ብብቷ ውስጥ ከተተች። ተመልሳ ልጇን ተቀበለችው፤ አዘለች፤ ጉንጩን ሳመችውና ወጣች።

*

ለሙት ዓመቱ ድሬዎች በአውቶቡስ መጡ። ረምዚ አለ፤ ትርንጎም አለች። ዓይናለም ረምዚን ከድንኳኑ ወደ ጓዳ ጠርታ ካሴቱንና የክብሪቱን ቀፎ እፊቱ አስቀመጠች።

«ስፋልኝ።»

ረምዚ የክሩን ሁለት ጫፎች ገጥሞ ቀጭን ፕላስተር ለጠፈበት። እንደ ጨርቅ ነጋዴ ለስፌት ይጠነቀቃል። ጠቅልሎ ሲጨርስ ግን ራሱን ነቀነቀ።

«ክሩ ቀፎው ላይ ተጨማዷል። አንዴ ይሄድ ይሆናል፤ ቢበዛ ሁለቴ። ከዚያ ቴፑ ይበላዋል።»

«ሶስና እኮ ገና አትሰማም። ማለቴ፣ ብትሰማውም አታስታውሰውም።»

«ቢቀመጥም ይደርቃል።»

«እንግዲያው በሌላ ካሴት ቅዳልኝ።»

ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው እሷም የሰማችው። ከድንኳኑ የካህናቱ ድምፅ ይመጣል። ረምዚ እጁን ከካሴቱ ላይ አነሣ።

«አልቀዳም።»

«ያኔ ቀድተህ የለም እንዴ?»

«ያኔ ብርጭቆ ነበር። ቃሉን ከብርጭቆው ጋር ነው የሰማሁት። እዚህ ክፍል ውስጥ ብርጭቆ የለም፣ እኅቴ። አሁን ብቀዳ እያወቅኩ ነው።»

«ሌላ ሰው አስቀዳለሁ።»

«አንቺ ታውቂያለሽ። እኔ ግን አንዴ ተጠራጥሬ ይሄው ዓመቴ ነው።»

*

ሰው በልቶ ድንኳኑ ሲረጋ፣ ነገሩ ወደ ጋሽ ወንድይፍራው ቀረበ። የምንቴ አጎት ናቸው፤ የእናቱ ወንድም። ካሴቱን ተቀብለው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። የረምዚን፣ የኖላዊንና የዓይናለምን ታሪክ እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያ ትርንጎን ጠሯት።

«ልጄ፣ ያን ቃል ሲናገር ማንን ነው ያየው?»

«እኔን።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ዓይን ለዓይን ነው የተገጣጠምነው፣ ጋሼ። ደንግጬ ነው ጠርሙሱን ያስቀመጥኩት።» ትንሽ አሰበች። «ቴፑ ግን ክንዴ አጠገብ ነበር።»

ረምዚ ተነሣ። «ጋሼ፣ እኔን ቢሆን ‹አትቅዳ› ይለኝ ነበር። ‹አትቅዱ› ነው ያለው። ብዙ የነበሩት አስተናጋጆቹ ናቸው።»

«ከመድረክ ላይ ሆኖ ማን ቴፕ እንደያዘ በምን ያውቃል?» አለ ኖላዊ። «ለሁሉም ነው የተናገረው። ደግሞ አንተ ካልደበቅከው ለምን ሸፈንከው?»

«ከአቧራ ነው፤ ድሬ እኮ ነው።»

ጥቂት ሰዎች ሳቁ። ኖላዊ አልሳቀም።

«በሄድንበት ሁሉ አስተናጋጆችን ያስቆም ነበር። አዎ። ‹ትንሽ ቆዩ› ነው የሚላቸው። ‹አትቅዱ› ብሎ አያውቅም። ‹በሞቴ› ብሎም አያውቅም። ሰው ለቢራ በሞቱ ይለምናል?»

«ለቢራ አይደለም» አለ ረምዚ። «ለዘፈኑ ነው። የመጨረሻው ነበራ።»

ከዚህ በኋላ ኖላዊ የገበያውን ታሪክ ተናገረ። በሰው ፊት ሲናገረው የመጀመሪያው ነው። ሬዲዮውን፣ ሽንኩርቱን፣ የተዘቀዘቀውን ነጠላ። «ይህን ያየ ልጅ ነው ‹አትቅዱ› ያለው» ብሎ ጨረሰ። አንዳንዶች ዓይናቸውን ጠረጉ።

ጋሽ ወንድይፍራው ቀስ ብለው ቀና አሉ።

«ባለሱቁ ደንግጦ ሬዲዮውን ሲዘጋው እኅቴ ምን እንዳለችው ምንቴ ነግሮሃል?»

«አልነገረኝም።»

«‹ለምን ዘጋኸው› አለችው። እስክትሞት ድረስ ይህንኑ ታነሣ ነበር። ስታለቅስ ያየ ሁሉ ያን ብቻ ያወራል።» ትንፋሽ ወሰዱ። «ከዚያ በኋላ ግን ሬዲዮ ባለበት መንገድ አላለፈችም። ይህም እውነት ነው። ሁለቱን አንድ ላይ አድርጋ ኖረች።»

ዓይናለም ሶስናን ታቅፋ ቆመች።

«እማማ ባላቸውን ያውቁት ነበር። ለሳቸው ሁለተኛ ቀብር ነው፤ ልክ ነው። ልጄ አባቷን አታውቀውም። ለሷ ትውውቅ ነው። ሰው ሳይተዋወቅ እንዴት ይቀብራል?»

«ድምፁ ተሰንጥቋል፣ ዓይናለም» አለ ኖላዊ። «እንደዚያ ሆኖ መሰማት አይፈልግም ነበር።»

«እንደዚያ ሆኖ ነው ቤት ውስጥ የሚያወራኝ።»

ኖላዊ አቀረቀረ።

«ደግሞ ልጠይቅ» አለች። «‹በሞቴ› ያለው ሰው ሞቷል። ያልፈራነው መጥቷል። አሁን የማንን ሞት ፈርተን ነው የምንታዘዘው? ልመናው እስከ መቼ ይይዛል?»

«ሰው ሲሞት ኑዛዜው ይጸናል እንጂ ይፈርሳል?» አለ ኖላዊ። እንደ ንዴት አልነበረም፤ የጨነቀው ሰው ድምፅ ነበር።

«ኑዛዜ ከሆነ። ለጠርሙስ ከሆነስ?»

ጋሽ ወንድይፍራው ካሴቱን አገላብጠው አዩት። «ቃሉን በጆሮዬ ልስማው» አሉ። «አነጋገሩን አውቀዋለሁ፤ በክንዴ ያሳደግኩት ልጅ ነው። ሲቆጣና ሲለምን ድምፁ አንድ አይደለም።»

ረምዚ እጁን ዘረጋ፣ መልሶም ሰበሰበው። «ቃሉ ያለው ስፌቱ ላይ ነው፣ ጋሼ። የሚበጠሰው እዚያ ነው። እርስዎ ቢሰሙት ለልጅቷ ላይተርፍ ይችላል።»

ሽማግሌው ካሴቱን መልሰው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

«ዳኛ ሰምቶ ይፈርዳል ይባላል» አሉ። «እኔ ብሰማ ፈርጄ አበቃሁ፤ ባልሰማም ፈርጄ አበቃሁ።»

*

ድንኳኑ በክርክር ተነሣ። አውቶቡስ የሚጠብቁት ድሬዎች አንድ ወገን አልሆኑም። አንዱ «ያመጣው ሰው ይያዘው፤ ሸጦ መክበር ሲችል አምጥቶ ያስረከበ ነው፤ አሁንም አልቀዳም ያለ እሱ ነው» አለ። ጎኑ የተቀመጠው «ታዲያ ካልቀዳ ይዞት ምን ሊሠራ ነው፤ ሲደርቅ ሊያይ?» ብሎ መለሰለት። አንዲት አሮጊት ለኖላዊ ፈረዱ። «የሟችን ቃል አንድ ሰው እንኳ ሳይጠብቅ ቀርቶ፣ እሱ ብቻ ጠበቀ። መቁረጡ ጨክኖ አይደለም፤ የሚወደውን ድምፅ ነው የቆረጠው» አሉ። ከበሮ መቺው በበኩሉ አንገቱን አቀርቅሮ ቆይቶ፣ እዚያ መድረክ ላይ አብሮ ነበርና ሲጠየቅ፣ «እኔ ‹አትቅዱ› ሲል ሰምቼ የመሰለኝ ነገር የለም፤ እስኪጀምር ነው የጠበቅኩት» አለ። ሴቶቹ አብዛኞቹ ዓይናለምን ያዩ ነበር፤ ሁሉም ግን ለእሷ አልፈረዱም። «ልጅቷ አድጋ ‹አባቴ እንዲህ እያለ እንዴት ቀዳችሁብኝ› ብትልሽስ?» አለቻት አንዷ። «‹እንዴት አጠፋችሁብኝ› ብትለኝስ?» አለች ዓይናለም።

ረምዚ የምንቴ ቃል ለእሱ እንዳልነበረ ማወቅ ይፈልጋል፤ ለዚህ የሚመሰክርለት ደግሞ ያ ክር ብቻ ነው። ኖላዊ ለጓደኛው የሚያደርገው ሌላ ነገር አልቀረውም። ዓይናለም ከካሴቱ ሌላ ለልጇ የምታሰማት አባት የላትም። ለማዳን መቅዳት አለባት፤ ስትቀዳም ቃሉን ከሁለቱም ይልቅ ጥርት አድርጋ የሰማችው እሷ ትሆናለች።

ጋሽ ወንድይፍራው ተነሡ። ካሴቱን በቀኝ እጃቸው ይዘው ክንዳቸውን ዘረጉ። በፊታቸው ሦስት ሰው ቆሟል፤ አንደኛዋ ልጅ ታቅፋለች። እናንተ ይህን የሰማችሁ፣ ያን ቃል እናንተም ሰምታችኋልና ከዳኝነቱ አታመልጡም፦ የሽማግሌው እጅ ወደ ማን ይዙር?